ስለ ባዕድ አገር ሰላምታ

ሰላምታ የሌለው ሕዝብ በምድር ላይ አልተገኘም። አንዱ እጁን ይዘረጋል፤ አንዱ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዱ ጉንጩን አስጠግቶ ይስማል፤ አንዱ ደግሞ መዳፉን በደረቱ ላይ ያኖራል። ምልክቱ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ «አይቼሃለሁ፥ ክፉም አላስብብህም» ማለት ነው። ነገር ግን ሰው የአገሩን ሰላምታ ገና አፉን ሲፈታ ስለሚማረው፥ የተማረው ልማድ መሆኑን ይረሳውና የሰው ልጅ ሁሉ ሕግ ይመስለዋል። አገሩን ለቅቆ በሄደ ጊዜም ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በዚህ ነው። እንጀራ ቢያጣ ዳቦ ይበላል፤ ብርድ ቢሆን ካፖርት ይገዛል፤ ሰላምታውን የሚመልስለት ቢያጣ ግን የሚገዛበት ገበያ የለም።

በኢትዮጵያ፥ ይልቁንም በባላገር፥ ሰላምታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በማለዳ የተገናኙ ሰዎች እንደምን አደርህ ይባባላሉ፤ ቀን ሲሆን እንደምን ዋልህ፥ ሲመሽ እንደምን አመሸህ ይላሉ፤ ተለያይተው ብዙ ጊዜ የቆዩ እንደ ሆነም እንደምን ከረምህ ነው። መልሱ እግዚአብሔር ይመስገን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ፥ ከብቶቹ፥ አዝመራውና ዝናቡ በየተራቸው ይጠየቃሉ። ገበሬ ሲያርስ ያገኘ መንገደኛ እግዜር ያበርታህ ሳይል አያልፍም። ሽማግሌ ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጡት «ኖር» ብለው ይነሣሉ፤ እርሱም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። በማዕድ ላይ የደረሰ ሰው «እንብላ» ይባላል። ማን እንደ ሆነ የማይታወቅ መንገደኛ እንኳ ቢመሽበት፥ በደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ይጣራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ጊዜ መፍጀቱ ግን አይካድም። ገበያ የሚሄድ ሰው ላገኘው ሁሉ ቆሞ ሰላምታ ሲሰጥ ገበያው የሚፈታበት ቀን አለ።

ሰላምታ እንዲህ የከበረ ስለ ሆነ መከልከሉም ብርቱ ቅጣት ነው። የሁለት ጎረቤታሞች ጠብ የሚታወቀው በዱላ ብቻ አይደለም። «እገሌ ዘጋኝ» ወይም «የእግዜር ሰላምታ ነሣኝ» የተባለ እንደ ሆነ፥ ሰሚው ሁሉ መጣላታቸውን ያውቃል፤ ሽማግሎችም ለማስታረቅ ይነሣሉ። ስለዚህ በኢትዮጵያ የሚያውቁትን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ባዶ ነገር አይደለም። ዝምታው ራሱ ንግግር ነው፤ ትርጓሜውም ቂም ወይም ንቀት ነው። የሚያነብ ልጅ ይህችን ነገር አጥብቆ ይያዛት፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከእርስዋ ይመጣልና።

አሁን በጎጃም ገጠር አድጎ የስዊድን ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ስቶክሆልም የሄደ አንድ ሰው ይታሰብ። በዚያች ከተማ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖራል። ሰውየው በመጀመሪያው ጧት ከቤቱ ሲወጣ በደረጃው ላይ ጎረቤቱን አግኝቶ ሰላምታ ለመስጠት ቆመ፤ ጎረቤቱ ግን ራሱን ጥቂት ነቅነቅ አድርጎ ወርዶ ሄደ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሲደርስ ሰዎቹ ተራርቀው ቆመዋል፤ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሰው ሊቆም ይችላል። አውቶቡሱም በመጣ ጊዜ እያንዳንዱ ለብቻው በመስኮት አጠገብ ተቀመጠ፤ ባዶ ወንበር ሳለ ከሰው አጠገብ የሚቀመጥ የለም። ሰውየው ግን ብዙ ሰው ባለበት ለብቻ መቀመጥ እንደ ኩርፊያ ስለሚመስለው፥ ሄዶ ከአንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጠ፤ ሴትዮዋም ደንገጥ ብላ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች። እርሱ ወዳጅነት ማሳየቱ ነበር፤ እርስዋ ግን «ይህ ሁሉ ባዶ ወንበር ሳለ ከእኔ ምን ይፈልጋል?» ብላ አሰበች።

ጊዜውም ክረምት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር በስቶክሆልም ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሰው ሁሉ አንገቱን በካፖርቱ ውስጥ ቀብሮ ወደ ቤቱ ይፈጥናል፤ በሩም ይዘጋል። ሰውየው ሳምንት ጠበቀ፥ ወርም ጠበቀ። በመጨረሻ በልቡ «ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ብበድለው ነው የዘጋኝ?» አለ። ወደ አገሩም በላከው መልእክት «የዚህ አገር ሰው ፍቅር አያውቅም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ እርሱም ማንንም ሰላም ማለት ተወ። ከሥራ ወደ ቤት፥ ከቤት ወደ ሥራ ሆነ ኑሮው። ከሰው ጋራ ስለማይነጋገር ቋንቋው አልገባው አለ፤ ቋንቋው ስላልገባውም ከሰው ጋራ መነጋገር ፈራ። ልጆች የወለደ እንደ ሆነ ደግሞ በእራት ጊዜ «እነዚህ ሰዎች ይጠሉናል» ሲል ይሰማሉ፤ በማግሥቱም ከእነዚያው ሰዎች ልጆች ጋራ ለመማር ይሄዳሉ። ከአንድ ያልተመለሰ ሰላምታ የተነሣ የአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ እስከዚህ ድረስ ይጠማል።

የሰውየው ስሕተት የስዊድንን ዝምታ በአማርኛ ማንበቡ ነው። በአማርኛ ዝምታ ቂም ነው፤ በዚያ አገር ግን፥ በመንገድና በአውቶቡስ ላይ፥ ዝምታ ማክበር ነው። የማያውቁትን ሰው ማናገር በጊዜውና በአሳቡ ላይ እንደ መግባት ይቈጠራል። ሌላውን ላለማስቸገር የሚጠነቀቅ ሰው ጨዋ ይባላል። እርግጥ መጻተኛን የሚጠላ ሰው በየትም አገር አይጠፋም፤ ስዊድንም ከዚህ ነጻ አይደለችም። ነገር ግን ጥላቻን ከልማድ ለመለየት የሚጠቅም አንድ መፈተኛ አለ፤ እርሱም ዝም ያለው ሰው ለገዛ አገሩ ልጅስ እንዴት ነው ብሎ መመልከት ነው። ያ በደረጃው ላይ ያለፈው ጎረቤት እዚያው የተወለደውንም ጎረቤቱን እንዲሁ ያልፈዋል። ስዊድኖች ራሳቸው በዚህ ልማዳቸው ይሥቃሉ፤ ከደጃፉ ውጭ የጎረቤቱን ኮቴ የሰማ ሰው፥ ጎረቤቱ እስኪያልፍ ድረስ በሩን ሳይከፍት ቆሞ ይጠብቃል እያሉ ይቀልዳሉ። ሁሉን እኩል የሚነካ ነገር በአንዱ ላይ የተቃጣ አይደለም።

ታዲያ ይህ ሕዝብ ሰላምታውን ከወዴት አኖረው? ሰውየው በመንገድ ላይ ሲፈልገው ጊዜውን ፈጀ እንጂ ሌላ ቦታ ቢፈልገው ባገኘው ነበር። በሱቅ ገንዘብ የምትቀበለው ሴት ተራው የደረሰውን ሰው ሁሉ «ሄይ» ትለዋለች፤ ይህ የዚያ አገር ሰላምታ ነው፤ ለንጉሥም ለልጅም አጭር ነው። እራት የተጠራ እንግዳ በሰዓቱ ይመጣል፤ ከበሩ ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ከዚያም የማያውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞረ እጃቸውን ይጨብጥና የገዛ ስሙን ይናገራል። የጎጃሙ ሰው ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር፤ በእርሱም አገር ወደ ሰርግ ቤት የገባ ሰው እንዲሁ አንዱንም ሳያስቀር ይዞራልና። ከማዕድ ሲነሡ ልጆቹ ሳይቀሩ ስለ ምግቡ ያመሰግናሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ በግብዣ የተገናኙ ሰዎች ከሳምንት በኋላ ደግመው ሲገናኙ፥ አስቀድመው የሚናገሩት ቃል ስላለፈው ጊዜ ምስጋና ነው። ከሳምንት በፊት የተበላውን እራት የማይረሳ ሕዝብ ፍቅር አያውቅም ሊባል አይገባውም።

ደግሞም በከተማ ሺህ ሰው ሳይናገር የሚያልፈው ያው ስዊድናዊ፥ በተራራ ወይም በጫካ መንገድ ሲሄድ አንድ መንገደኛ ያገኘ እንደ ሆነ «ሄይ» ይለዋል። ሰውየው አንድ ነው፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ከዚህ የዝምታው ምክንያት ይገለጣል። በገጠር መንገድ ከጧት እስከ ማታ የሚገናኘው ሰው በጣት ይቈጠራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን እንደምን ዋልህ ለማለት ጊዜም ልብም አለ። በትልቅ ከተማ በባቡር ጣቢያ ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው ግን በገጠር ዓመት ሙሉ የማያየውን ሕዝብ ያያል። ጌኦርግ ዚመል የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1903 ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ ከተማ ኑሮ በጻፈው ጽሑፍ ይህን አስረድቷል፤ የከተማ ሰው እንደ ትንሽ መንደር ሰው ላገኘው ሁሉ ልቡን ቢከፍት ኖሮ ልቡ ተበታትኖ ባለቀ ነበር፤ ስለዚህ ራሱን ለመጠበቅ ቍጥብ ይሆናል ብሏል። ይህ የስዊድን ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሕዝብ ከተማ ጠባይ ነው።

ሽማግሌዎችን የሚያሳዝን ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ልጁ ወደ ስዊድን ያስመጣው አንድ አባት ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ፥ የልጅ ልጁ የምታህል አስታማሚ «አንተ» ትለዋለች፤ በስሙም ትጠራዋለች። ይህን ያስተረጐሙለት እንደ ሆነ ፊቱ ይጠቍራል። በኢትዮጵያ ሽማግሌን አንተ ማለት ስድብ ነውና። ነገር ግን በስዊድንም ጥንት እንዲህ አልነበረም። ቀድሞ ሰው የሚጠራው በማዕርጉና በሥራው ስም ነበር፤ ማዕርጉን ያላወቁለት ሰው እንደ ሆነም በምን ቃል እንዲናገሩት እየተጨነቁ ነገሩን ያጠማዝዙት ነበር። በኋላ ይህ ልማድ እየላላ መጣ፤ በ1967 ዓመትም የአገሩ የጤና መሥሪያ ቤት አለቃ የነበሩት ብሩር ሬክሴድ ከትልቅ እስከ ትንሽ ያለውን ሠራተኛ ሁሉ አንተና አንቺ እንደሚሉ፥ እነርሱም ይህንኑ እንዲሏቸው ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ በጥቂት ዓመት ውስጥ ልማዱ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። እንግዲህ ያቺ አስታማሚ አባትየውን አንተ ስትለው ዝቅ ማድረጓ አይደለም። ሐኪሙንም፥ የሐኪሞቹንም አለቃ አንተ ትለዋለች፤ ሽማግሌውንም ከእነርሱ ጋራ አስተካክላ ማኖሯ ነው። ቢሆንም የሽማግሌው ኀዘን በሚያስረዱት ቃል ቶሎ አይጠፋም፤ ስድሳ ዓመት እርስዎ ሲባል የኖረ ጆሮ በአንድ ቀን አይለምድምና፥ ልጁ በትዕግሥት ደጋግሞ ቢያስረዳው መልካም ነው።

በአሜሪካ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በዋሺንግተንና በአካባቢዋ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። አዲስ የመጣ ሰው በዚያ ሲደርስ የሱቁ ሠራተኛም፥ የቢሮው ዘበኛም ጥርሱን ፈገግ አድርጎ «ሃው አር ዩ» ይለዋል፤ ትርጓሜው እንዴት ነህ ማለት ነው። ሰውየውም ደስ ብሎት ቆሞ ስለ ጤናው፥ ስለ እናቱም ሕመም መናገር ይጀምራል፤ ጠያቂው ግን አልፎ ሄዷል፤ ወይም ዓይኑ ከበስተኋላ ወዳለው ሰው ዞሯል። በዚያ አገር ይህ ቃል ጥያቄ አይደለም፤ ሰላምታ ነው፤ መልሱም ደኅና ነኝ የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ከስቶክሆልም የተመለሰው «ዘጉኝ» ሲል ከአሜሪካ የተመለሰው ደግሞ «አታለሉኝ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ለነገሩ በኢትዮጵያም እንደምን ዋልህ የተባለ ሰው ጥርሱን እያመመው እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል እንጂ ሕመሙን ወዲያው አይዘረዝርም። ይህን ከተመለከተ አሜሪካዊውን ግብዝ ለማለት አይቸኩልም።

ወደ ዐረብ አገር የሄደ ሰው ግን በመንገድ ላይ ብዙ እንግዳ ነገር አያገኝም። «አሰላሙ ዓለይኩም» ለማያውቁት ሰውም ይባላል፤ በበቅሎ የተቀመጠ ለእግረኛ፥ የሚሄደው ለተቀመጠው፥ ጥቂቶቹም ለብዙዎቹ አስቀድመው ሰላምታ እንዲሰጡ የሚለውን ሥርዓት የወሎና የሐረር እስላሞች በአገራቸው ያውቁታል።

እስከ አሁን የተነገረው መጤው የአገሬውን ጠባይ ስለ መሳቱ ነው። አገሬውም የመጤውን ይስታል፤ ጉዳቱ የከፋውም በዚህ ጊዜ ነው፤ አገሬው ኀይል አለውና። በ1991 ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት ወር ከ14,000 በላይ የሚሆኑ ቤተ እስራኤል ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ልጆቻቸው በኢትዮጵያ የተማሩት ጨዋነት ይህ ነበር፤ በትልቅ ሰው ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ፥ ድምፅን ማለዘብ፥ ካልጠየቁ በቀር አለመናገር። በእስራኤል ግን ያለው ልማድ ሌላ ነው፤ ሰው ሰውን ዓይን ለዓይን እያየ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ያሰበውን ሳይሸፋፍን ይናገራል፤ ልጅም በመምህሩ ላይ ቢከራከር ነውር አይሆንበትም። እንግዲህ መምህሩ በጠየቀው ጊዜ ልጁ አቀርቅሮ ቀስ ብሎ ሲመልስ፥ ብዙ ጊዜ አላወቀም ወይም የሚደብቀው ነገር አለ ይባል ነበር። ልጁ መምህሩን አከበረ፤ መምህሩ ክብሩን አላየውም። ቤቱ ሄዶ ለአባቱ ቢነግረው አባቱ «ደግ አደረግህ፥ ቀና ብለህ አትየው» ይለዋል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ «ቀና በል» ይባላል። በሁለት ትእዛዝ መካከል የቆመ ልጅ ምን ያድርግ? በዚህ ነገር መምህሩ ከልጁ ይልቅ መማር ይገባዋል፤ አዋቂው እርሱ ነውና።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዳንዶች «በሰው አገር እንደ ሰዉ መሆን ነው፤ ዝም ካሉ ዝም በል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የአባቶችህን ጨዋነት አትተው፤ እነርሱ ካልመለሱልህ ነውሩ የእነርሱ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ምክሮች ሰውየውን በብቸኝነቱ ይተዉታል። የመጀመሪያው ያለውን ሀብት ያስጥለዋል፤ ሁለተኛውም ሀብቱን በማይቀበሉት ደጅ ሲያንኳኳ ያስመሸዋል። ሰላምታውን ግን ሳይጥል፥ በሚቀበሉበት ቦታና በሚቀበሉበት መጠን ማድረግ ይቻላል። በስቶክሆልም ብዙ ቤቶች ልብስ የሚያጥቡበት አንድ የጋራ ክፍል አላቸው፤ እያንዳንዱም ቤተ ሰብ ቀንና ሰዓቱን አስቀድሞ ይይዛል። ከእርሱ በፊት ያጠበው ጎረቤት ሲወጣ በዚያ የሚያገኘው ሰው «ሄይ» ቢለው፥ ክፍሉንም ጠርጎ ቢያስረክበው፥ በወሩ ስሙን ያውቅለታል። ይህ ከእንደምን አደርህ ያነሰ ይመስላል። በዚያ አገር ግን የሰላምታ መንገድ በዚህ በኩል ነው።

ዝም የሚሉትም ሰዎች ዝምታውን ሁልጊዜ ወድደው አይደለም። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ2014 ዓመት አሳተሙ። አንዳንዶቹን ከማያውቁት ሰው ጋራ እንዲነጋገሩ፥ አንዳንዶቹን ብቻቸውን ዝም ብለው እንዲቀመጡ አዘዟቸው። የተነጋገሩት ከዝምተኞቹ ይልቅ መንገዱ ደስ አሰኝቷቸው ተገኘ። ሌሎችን ግን አስቀድመው የቱ ደስ እንደሚያሰኝ ቢጠይቋቸው፥ ዝም ብሎ መሄድ ይሻላል አሉ። ይህም አንዱ ሌላው ማውራት የማይፈልግ እየመሰለው፥ ሁለቱም ተከባብረው ዝም ይላሉ ማለት ነው። በ2023 ዓመት ደግሞ በስዊድን ሰሜን ያለችው የሉሌኦ ከተማ አስተዳደር ነዋሪዎቹ በመንገድ ሲተላለፉ «ሄይ» እንዲባባሉ የሚመክር ዘመቻ ጀመረ፤ በዚያ የክረምቱ ጨለማ ረጅም ነውና ብዙ ሰው በብቸኝነት ስለሚጨነቅ ነው። የጎጃሙ ሰው በጓዙ ይዞት የሄደውን ነገር የስዊድን ከተማ በዐዋጅ ስትፈልገው ማየት ያስደንቃል። ሰውየው በዚያን ጊዜ ሰላምታውን ጥሎት ከሆነ ግን ያሳዝናል።

ኢትዮጵያውያንም በገዛ አገራቸው እንግዳን በመቀበል ሁሉ ነቀፋ የለባቸውም። ባዕድን ያገኘ ሰው ገና እጁን ሳይለቅቀው «አግብተሃልን? ልጅ አለህን? ደመወዝህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጠያቂው ይህን ማለቱ ስለ ወደደው ነው፤ ተጠያቂው ግን ከዳኛ ፊት የቆመ ይመስለዋል። ልጆችም በመንገድ የሚያልፈውን ነጭ ሰው እየተከተሉ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይላሉ፤ ከእስያ የመጣውን ሁሉ ደግሞ፥ ከየትኛው አገር እንደ መጣ ሳያውቁ፥ «ቻይና!» ብለው ይጮኹበታል። ይህ ሰላምታ ሊባል አይችልም። ልጆቹ በገዛ መንደራቸው ሲያልፉ ሰው ሁሉ «ሐበሻ! ሐበሻ!» እያለ ቢከተላቸው ስንት ቀን ይታገሡት ነበር?

ዛሬ ደግሞ ስቶክሆልም ወደ አዲስ አበባ መጥታለች ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ፎቅ በሆነ የጋራ መኖሪያ ቤት ይኖራል፤ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ስም ለስም አይተዋወቁም። ቀድሞ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን የኖሩት ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተበትነዋል፤ ቡና የሚጠራሩበትም ደጅ ተራርቋል። የተማረ ወጣት በጆሮው ማዳመጫ አድርጎ፥ ዓይኑን በስልኩ ላይ ተክሎ ይወርዳል። ክፋት የለበትም፤ እርሱም እንደዚያ እንደ ስዊድኑ ጎረቤት ሰውን ላለማስቸገር ብሎ ይሆናል።

በዚህ ቤት ልጃቸውን ለመጠየቅ ከላስታ ገጠር የመጡ አንዲት እናት አሉ እንደ ሆነ፥ በየጧቱ ነጠላቸውን አጣፍተው በደረጃው ያገኙትን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ይላሉ። አንዱ ይመልሳል፤ አንዱ አይሰማም፤ አንዱ ሰምቶ ያፍራል፤ አንዲት ተማሪም ለጓደኛዋ ሹክ ብላ ትሥቃለች። እኒህ እናት እስከ ሳምንት ይታገሣሉ። በስምንተኛው ቀን ማታ፥ ልጃቸው ከሥራ ገብቶ ሲቀመጥ፥ አጠገቡ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁታል፤ «ልጄ፥ ከዚህ ሁሉ ጎረቤት ጋራ በምን ተጣላችሁ?»